የአሥራ ሁለት ሰው ማሽን

እኔ የምበላበት ሳህን አንድ ነው፤ ጠርዙ የተላጠ ሰማያዊ የብረት ሳህን። ከእሱ ጋር አንድ የሻይ ብርጭቆና አንድ ማንኪያ አሉ። ሦስቱን አጥቤ፣ አድርቄ፣ ቦታቸው ለመመለስ የሚፈጅብኝ ጊዜ ጎረቤቴ ጥሩወርቅ አንድ ሰው አምታ ከምትጨርስበት ያንሳል። እንዲያም ሆኖ ንፋስ መውጫ ውስጥ የእቃ ማጠቢያ ማሽን ያላት ሴት እኔ ነኝ። ሳቁ፣ ግዴለም። እኔም ስቄ ስቄ ሲወጣልኝ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ማሽኑን ያመጣችው ልጄ ብርቱካን ናት። ባሕር ዳር አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ትሠራለች። ሆቴሉ እቃውን ሲያድስ አሮጌውን ማሽን «የሚፈልግ ይውሰደው» አለ፤ ሌሎቹ ሠራተኞች «የት እናስቀምጠዋለን?» ሲሉ እሷ «ለእናቴ» አለች። የእኔ ጣቶች ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካቸው ይቆረጥሙኛል፤ ይህን ታውቃለች። በጭነት መኪና፣ በሁለት ብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ እንደ ሚዜ አጠገቡ ተቀምጣ መጣች። አራት ወንዶች እያቃሰቱ ሲያስገቡት ጥሩወርቅ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣

«የብርቱካን እናት! ምንድን ነው እሱ፣ ካዝና ነው?» አለች።

«እቃ ማጠቢያ ነው እቴ።»

«የማንን እቃ?»

ለቀልድ ነው የጠየቀችው። እኔ ግን መልሱን ብዙ ቀን ፈልጌ አጣሁት።

ብርቱካን ሁለት ቀን ተቀመጠች። የቧንቧ ውሃ እኛ ሰፈር ሲፈልግ የሚመጣ ስለሆነ ድንጋይ ክባ በላዩ በርሜል አቆመች፤ ከበርሜሉ ጎማ ስባ ማሽኑ ላይ ገጠመች፤ እጣቢው የሚወጣበትን ጎማ ደግሞ በጓሮ በኩል ወደ ጌሾዬ ለቀቀችው። ስትጨርስ በመሃረቧ ላቧን ጠርጋ፣

«እማዬ፣ ይኼ የአሥራ ሁለት ሰው ነው። ሳይሞላ እንዳታስነሺው። ውሃና መብራት ይበላል» አለችኝና በማግሥቱ በማለዳው መኪና ሄደች።

እንግዲህ አስቡት። እኛ አገር አሥራ ሁለት ሰው በልቶ የሚያቆሽሸው አንድ ትሪ ነው። ዙሪያውን ተቀምጦ፣ ተጎራርሶ፣ ተነሥቶ ይሄዳል፤ ትሪው ይታጠባል፣ አለቀ። የማሽኑ ሆድ ግን ሳህን በየተራ የሚቆምበት ጥርስ ጥርስ አለው፤ አንዱ ሌላውን እንዳይነካ። ይህን የፈጠረው ሰው አገሩ ሁሉም ከየራሱ ሳህን ለየብቻው የሚበላበት መሆን አለበት። መጀመሪያ ሳየው ለዚያ አገር ሰው አዘንኩ። ኋላ ሳስበው ግን ማሽኑ ቤቱን አልሳተም። ባሌ ካረፈ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ብርቱካንም ሥራዋ ዘንድ ናት። ከታች ጋይንት እስከ ስማዳ ብትዞሩ ለዚህ ማሽን ከእኔ የተሻለ ሰው አታገኙም።

ችግሩ መሙላቱ ነበር። የእንግዳ ሳህኖቼን ከሳጥን አወጣሁና በየቀኑ በአንዱ እየበላሁ መደርደር ጀመርኩ። በአምስተኛው ቀን የሰኞው ሽሮ ደርቆ የተለሰነ ግድግዳ መሰለ። በዚህ አያያዝ አንዴ ለማጠብ ሁለት ሳምንት መብላት ሊኖርብኝ ነው። ስለዚህ ወደ ጥሩወርቅ አጥር ሄድኩ። እሷ ባል አላት፣ ስድስት ልጆች አሏት፣ አማት አለቻት፤ እቃዋ ቆሻሻ አጥቶ አያውቅም።

«ጥሩዬ፣ ያልታጠበ እቃሽን አምጪልኝ።»

«ምን ልታደርጊው?»

«ላጥብልሽ።»

«ምን ስለት ገብተሽ ነው?»

ስለት አይደለም ብዬ ብምል ብገዘት አላመነችኝም። በሦስተኛው ቀን የሰፈሩ ሴት ሁሉ የብርቱካን እናት የጎረቤት እቃ ልታጥብ ተስላለች እያለ፣ ከበረከቱ ለመካፈል ድስቱን ሳይቀር ተሸክሞ መጣ። እውነት ለመናገር አልከፋኝም። እቃ የሚያመጣ ሰው ትንሽ ቆሞ ያወራል። የሚወስድም እንዲሁ።

ብርቱካን የተወችልኝ የሳሙና እንክብል በዚህ ዓይነት ቶሎ አለቀ። ልደውልላት አልኩና ተውኩት። ብርቱካን የምትደውለው በየሁለት ሳምንቱ እሁድ ነው፤ ወሬያችንም እንዲህ ነው፦

«ደህና ነሽ እማዬ?»

«ደህና ነኝ።»

«በላሽ?»

«በላሁ።»

«በይ ቻው።»

ክፉ ሆና አይደለም። ቀኑን ሙሉ ቆማ ውላ እግሯ አብጦ ነው የምትደውለው። እኔም «ደህና ነኝ» ካልኩ በኋላ ምን እንደሚቀጠል አላውቅበትም፤ ደህና የሆነ ሰው ወሬ የለውም።

እንዲህ እንዲህ ስል ገበያ ወጥቼ እንዶድ አየሁ። ለጥምቀት ነጠላና ጋቢ እንደ ወተት የሚያነጣልን እንዶድ ሳህን ያቅተዋል? ገዛሁ፣ ወቀጥኩ። ለአንድ ጋቢ አንድ እፍኝ ከሆነ ለአሥራ ሁለት ሰው ሦስት እፍኝ አይበዛም ብዬ ጨመርኩና አስነሣሁት።

መጀመሪያ ማሽኑ እንደ ጠገበ ሕፃን ከአፉ ጥግ ትንሽ አረፋ አወጣ። «እሰይ፣ እየሠራ ነው» አልኩ። ቀጥሎ አረፋው ወለሉን ያዘ። ቀጥሎ ደፉን ተሻገረ። በመጥረጊያ ልመልሰው ብል ለሁለት ተከፍሎ በግራና በቀኝ አለፈኝ። ግቢው ውስጥ ሲደርስ የጥሩወርቅ ቀይ ዶሮ ገብታበት ነጭ ሆና ወጣች። ጥሩወርቅ እሪታዋን ለቀቀችው፤ ሰፈሩም እሳት መስሎት ውሃ ይዞ እየሮጠ መጣ። አረፋ ላይ ውሃ ሲጨመር ምን እንደሚሆን ያየ ያውቀዋል።

የንስሐ አባቴ መምሬ ሞገስ በመንገድ ሲያልፉ ጩኸቱን ሰምተው ገቡ። መቋሚያቸውን አረፋው ውስጥ ነክረው ጥልቀቱን ለኩና፣

«ኧረ በሥላሴ! ምንድን ነው ይኸ?» አሉ።

«እቃ ማጠቢያ ነው አባቴ።»

«እሱስ አጥቧል። አሁን እሱን የሚያጥብ ፈልጊ።»

ማታውን ግድ ሆኖብኝ ለብርቱካን ደወልኩ። ስነግራት ሳቀች። ስልኩ ተበላሽቶ መስሎኝ ከጆሮዬ አንሥቼ አየሁት፤ የልጄን ሳቅ ከሰማሁ ያን ያህል ቆይቼ ነበር። ከዚያ እየሳቀች ማዘዝ ጀመረች። መብራቱን ንቀዪ። አረፋውን ዛቂ። ጨው በትኚበት። አቼቶ ጨምሪና ባዶውን አዙሪው። አሁንም ድገሚ። ማሽኑ እስኪዞር ደግሞ ስልኩን አልዘጋችም። ስለ ዋና ወጥ ሠሪው ቁጣ ነገረችኝ። አብራት ስለምትኖረው ልጅ ማንኮራፋት ነገረችኝ። አትክልት ስለሚያመጣላቸው አንድ ሰው ሦስት ጊዜ አነሣችብኝ፤ ሦስቱንም ጊዜ ስሙን አልነገረችኝም። እኔም ማሽኑን እያየሁ «እህ፣ እህ» እላለሁ።

ሦስት ቀን ሙሉ እንዲህ ሆነ። በአራተኛው ቀን ማሽኑ ዳነ፤ ስልኩ ታመመ። ተመለስን ወደ «ደህና ነሽ? በላሽ? ቻው»።

ሁለተኛው ብልሽት በእኔ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ማኅበርተኞቼም አሉበት። እኛ ዘንድ ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት እቃ ሁሉ በአመድና በፈላ ውሃ ተፈግፍጎ ከቅባት ይጸዳል። የጾም ሽሮ የፍስክ ቅቤ የነካው ሳህን ላይ አይቀርብም። የዚያን ዓመት የቅበላ ድግስ እንዳለቀ የማርያም ማኅበርተኞች «ማሽን ያለሽ አንቺ» ብለው ቅቤ በቅቤ የሆነውን እቃ ሁሉ እኔ ላይ ቆለሉት። ኮራሁ። ትርፍራፊውን እንኳ ሳላራግፍ አስገባሁት። መብራቱ ደግሞ ያን ቀን ደክሞ ነበርና ውሃው ለብ ከማለት አላለፈም።

የወጣው ሳህን እንደ ሙሽራ ፀጉር ያብለጨልጫል። ጥሩወርቅ አንዱን በጣቷ ነካች፣ አሸተተች፣ አንገቷን ነቀነቀች።

«አንቺ ሴት፣ ሁዳዴዬን ልታስገድፊኝ ነው? ቀድሞ ቅቤው አንዱ ሳህን ላይ ነበር። አሁን ለሁሉም አካፍለሽዋል!»

ነገሩ መምሬ ሞገስ ዘንድ ደረሰ። አንዲት ማኅበርተኛ ጾሙ እስኪፈታ ማሽኑ ይዘጋ አለች። ሌላዋ ጠበል ይረጭ አለች። መምሬ ሁሉንም ሰምተው፣

«ማሽን ነፍስ የለውም፣ ጾምም የለበትም። እናንተ ግን አፍንጫ አላችሁ። ሄዳችሁ በአመድ እጠቡት» ብለው አሰናበቱን።

እኔ በልቤ ሌላ ነገር አስብ ነበር፤ ስልኩን። ሮጬ ገባሁና ለብርቱካን ደወልኩ።

ይህኛው ብልሽት ዘጠኝ ቀን ፈጀ፤ ዘጠኝ የተባረከ ቀን። ከማሽኑ ሆድ ሥር ማጣሪያ የሚባል እንደ ሻይ ማጥለያ ያለ ነገር እንዳለ ያወቅሁት ያኔ ነው። ለካ በየሳምንቱ አውጥተው በሙቅ ውሃና በብሩሽ ካላጠቡት ማሽኑ ቆሻሻውን መልሶ እየረጨ «አጠብኩ» ይላል። ሳወጣው ቅቤው እንደ ጧፍ ረግቶበታል። ውሃ የሚረጨው ክንፍ ደግሞ ቀዳዳው በገብስ ገለባ ተደፍኖ ነበር፤ በመርፌ አንድ በአንድ ጠነቆልኩት። የበሩን ላስቲክ በጨርቅ ወለወልኩ። ብርቱካን «አሁን ግራውን አዙሪው፣ ቀስ፣ አትታገዪው» ስትለኝ፣ ሕፃን ሳለች ጫማዋን እንዴት እንደምታስር ያሳየሁበት ድምፅ ተገልብጦ ወደኔ መጣ።

በአሥረኛው ቀን ሳህኑ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ስልኩ ጮኸ።

«እሺ እማዬ፣ ዳነ?»

አፌ ውስጥ «ዳነ» የሚለው ነበር። የወጣው ግን፣ «አይ፣ አሁን ደግሞ ያቃስታል» የሚል ሆነ።

ውሸት እንደ ተልባ ናት፤ አንዴ ከተንሸራተተች የሚይዛት የለም። በማግሥቱ «ውሃ አይስብም» አልኩ። በሳልስቱ «ውሃ ስቦ አይተፋም»። ከዚያ «ያንቀጠቅጠዋል»፣ «ይሸታል»፣ «በሩ እምቢ አለ»። ጥሩወርቅ በአጥሩ በኩል ስትሰማኝ ቆይታ፣ «ይኸ ማሽን ከአማቴ የበለጠ በሽታ አለበት!» አለች። ማሽኑ ግን በሕይወቱ እንደዚያ ጤነኛ ሆኖ አያውቅም። ማጣሪያውን ከሳምንት አልፌ በየቀኑ አጥበዋለሁ፤ ስለ እሱ ስዋሽ እሱን መንከባከቤ ካሣ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ረስቼ እያጠበ ሳለ ስልኩን አነሣሁት።

«እማዬ፣ ከኋላሽ የሚጮኸው ምንድን ነው?»

«ንፋስ ነው።»

«እንዲህ?»

«የት እንደምኖር ረሳሽው እንዴ ልጄ? ንፋሱ የሚወጣው እኮ በእኛ ነው!»

«በይ ነጠላሽን ደርቢ» አለችኝ።

በጾም ሲዋሽ ኅሊና ያሳክካል። መምሬ ሞገስ ዘንድ ሄጄ እግራቸው ሥር ተንበረከክሁ። የሰሙትን እንዳይናገሩ እሳቸው ቃል አለባቸው፤ እኔ የለብኝምና ልንገራችሁ።

«አባቴ፣ ዋሽቻለሁ።»

«በማን ላይ?»

«በማሽኑ ላይ። ደህና ሆኖ ሳለ ታሟል እላለሁ።»

«ለማን?»

«ለልጄ።»

ጢማቸውን ዳበሱ። «እና ትደውላለች?»

«በየቀኑ።»

ስግደቱን ሲያዙኝ እየጠበቅሁ ነው። እሳቸው ግን ወደ በሩ እያዩ፣ «የእኔ ልጅ ደብረ ታቦር ነው፤ ሁለት ሰዓት መንገድ» አሉ። «ቤቴ ያለችው አንዲት ራዲዮ ናት። ራዲዮ ሲበላሽ ይደውል ይሆን?»

«እንጃ አባቴ።»

«አርባ ስገጂ። እውነቱንም ንገሪያት» አሉና መስቀሉን አሳለሙኝ።

ሰገድኩ። እውነቱንም ልነግራት ቆርጬ ስልኩን አነሣሁ። ከእኔ ቀድማ እሷ ተናገረች።

«እማዬ፣ በስልክ የሚሆን አይደለም። ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ ቅዳሜ መጥቼ ራሴ አየዋለሁ።»

ልጄ ልትመጣ ነው! ማሽኑ ከመጣ ወዲህ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ዳነ ብላት ትቀራለች። አልዳነም ብላት መጥታ ጤነኛ ማሽን ታገኛለች፤ ሁለተኛም አታምነኝም። የቀረኝ መንገድ አንድ ነው፤ ማሽኑን እስከ ቅዳሜ ማበላሸት።

ይህ ቀላል ይመስላል፤ ሳላስበው ሁለት ጊዜ አበላሽቼው የለም? ግን አስቦ ማበላሸት ለካ ሙያ ይፈልጋል። እንዶድ እንዳልሞክር ያለኝን ሁሉ ብርቱካን በስልክ አስጥላኝ ጥሩወርቅ ወስዳዋለች፤ ባስገባበትም ሽታው ያሳጣኛል። ረቡዕ የተልባ ፍትፍት የነካው ሳህን ደረደርኩ፤ ልቅም አድርጎ አጠበው። ሐሙስ ማሰሮ ሙሉ የገንፎ ቅራፊ ሰጠሁት፤ ዋጠና ዝም አለ። ደህና አድርጌ ይዤው ደህና ሆኗል፣ ምን ላድርግ! ዓርብ ማለዳ ወደ አጥሩ ሄድኩ።

«ጥሩዬ፣ የቀረሽ ቅቤ አለ?»

«ለፀጉርሽ ነው?»

«ለማሽኑ።»

ዓይኗ ፈጠጠ። «በሁዳዴ?!»

«መምሬ ጾም የለበትም ብለዋል።»

አንድ ጭልፋ ሰጠችኝ፤ ሥራዋን ትታም ልታይ ተከትላኝ መጣች። ማጣሪያው ላይ ለቀለቅሁትና በቀዝቃዛ ውሃ አዞርኩት። ማሽኑ ጉር፣ ጉር አለ፤ አቃሰተ፤ ቀጥ አለ። በመጨረሻ! ጥሩወርቅ «በጤናሽ አይደለሽም» ብላኝ ሄደች። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ቤቱን ጠረግሁ፣ መደቡን አነጠፍኩ፣ ደጁን ውሃ አርከፈከፍኩ፤ ልጄ ነገ ትመጣለች።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ነቃሁ። ተኝቼ አሰብኩት። ልጄ ገብታ፣ ያንን በር ከፍታ፣ የምታወጣው የመጀመሪያው ነገር ያ የተለቀለቀ ማጣሪያ ነው። የእናቷ ቤት እንዲህ ቆሽሾ! ያስተማረችኝን ሁሉ እንዳልሰማሁ ቆጥራ! ደግሞስ እንግዳ የሚገባበት ቤት ውስጥ ቅባት ይቀመጣል? እጄ እኔን አልጠየቀኝም። ውሃ አፈላሁ፣ ማጣሪያውን አወጣሁ፣ በብሩሽ ፈገፈግሁ። ክንፉን በመርፌ ጠነቆልኩ። ላስቲኩን ወለወልኩ። በአቼቶ ባዶውን አዞርኩት። ፀሐይ ስትወጣ ማሽኑ ከመጣበት ቀን ይልቅ ያበራ ነበር። ያኔ ነው ምን እንዳደረግሁ የገባኝ፤ ጭንቅላቴን ይዤ ተቀመጥኩ። የቀረ ቅቤ የለም፣ ጊዜም የለም።

ብርቱካን ረፋዱ ላይ ከባጃጅ ወረደች። ከስታለች። ስማኝ ሳትጨርስ የመፍቻ ቦርሳዋን ይዛ ማሽኑ ፊት ተንበረከከች።

«በይ ልጄ፣ መጀመሪያ አረፍ በይ» አልኩ።

«ቆይ እማዬ፣ ልየው።»

በሩን ከፈተች። ጣቷን በላስቲኩ ዙሪያ አዞረች፤ ጣቷን አየችው። ክንፉን በእጇ ገፋችው፤ እንደ እንዝርት ዞረ። ማጣሪያውን አወጣች፣ ወደ መስኮቱ አንሥታ በብርሃኑ አየችው፣ አሸተተችው። እኔ ምሰሶውን ተደግፌ የነጠላዬን ጥለት እቋጥራለሁ፣ እፈታለሁ። ከዚያ ማስነሻውን ተጫነች። ማሽኑ፣ ያ ከሃዲ፣ እንደ ጠገበች ድመት አንኮራፍቶ ተነሣ።

ልጄ ዞራ አላየችኝም። እንደተንበረከከች ጆሮዋን ወደ ማሽኑ አስጠጋች።

«ንፋሱ» አለች ቀስ ብላ፣ «ዛሬም ይነፍሳል።»

ምድር አልተከፈተችልኝም። «ምሳ ላቅርብ» አልኩ።

ቅዳሜ ስለሆነ በጊዜ በላን። አሥራ ሁለቱን የእንግዳ ሳህን ለዚህ ቀን ብዬ አጥቤ ደርድሬያቸው ነበር። እሷ ግን አላየቻቸውም፤ ሰማያዊውን ሳህኔን አነሣችና «በዚህ አድርጊልን» አለች። ሽሮውን በመሐል ጨለፍኩ። አጎረሰችኝ፣ አጎረስኳት። ስንጨርስ ሳህኑን አየሁት። ብቻዬን ስሆን የማቆሽሸው አንድ ሳህን ነው፤ ልጄ መጥታም ያው አንድ ሳህን። ያ የአሥራ ሁለት ሰው ማሽን ከእኛ የሚያገኘው ነገር እንደሌለው ያኔ ገባኝ። ሳህኑን በእጄ ላጥብ ስል እሷ ነጠቀችኝ፤ ውሃው ቀዝቃዛ ነው ብላ።

መኪናዋ ሳያመልጣት ልትሄድ ስትነሣ መፍቻዎቿን አንድ በአንድ ወደ ቦርሳው መለሰች። አንዱንም አልተጠቀመችበትም ነበር። ከዚያ እንደ ሐኪም ፊቷን ኮስተር አድርጋ፣

«እማዬ፣ አልደብቅሽም፤ ብልሽቱ ከባድ ነው» አለችኝ።

«እህ?»

«በአንድ ቀን የሚድን አይደለም። በየወሩ እየመጣሁ ማየት አለብኝ። መሐሉን ደግሞ በስልክ እንከታተለዋለን።»

አንገቷን አቀፍኩ። ባጃጁ ከዐይኔ እስኪሰወር ደጅ ቆምኩ። ንፋሱ፣ እውነተኛው ንፋስ፣ ነጠላዬን ይጎትታል። ጥሩወርቅ አንገቷን በአጥሩ ላይ አሰገገች።

«የብርቱካን እናት! እህሳ፣ ማሽኑን ሠራችልሽ?»

«አልሠራችውም፣ እግዚአብሔር ይመስገን!» አልኳት።